ሞኒተሩ ቀለም ሲስት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዲስ አበባ ዳር የመጡ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ነጩ ሰማያዊ ሆነብኝ ይላል፣ ሌላው ጥቁሩ አመድ መሰለ፣ ሌላዋ ቀለም የሚባል ነገር ጠፋ ትላለች። ለሁሉም የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ቀለሙ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ መንገድ ላይ ነው ወይስ ሞኒተሩ ውስጥ? ይህ ሳይለይ ካቻቢቴ አይነሣም፣ ገንዘብም አይከፈልም።

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሞኒተሬ 19 ኢንች ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው በቪጂኤ ኬብል ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነጩ የዎርድ ገጽ ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ዎርድ ከአማርኛ ቃላት ሥር የሚያሰምረው ቀይ መስመር ደግሞ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየኝ። አልፎ አልፎ ኬብሉን ስነካው ይስተካከላል። አንድ ጠጋኝ «ፓነሉ ሄዷል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሞኒተሩን አይጣሉት፣ ሌላም አይግዙ። የተበላሸ ፓነል ኬብል ስለተነካ አይድንም። ሲነካ የሚመለስ ቀለም መንገድ ላይ የሚቆራረጥ ቀለም ነው።

ቪጂኤ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን የሚልከው በሦስት የተለያዩ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። በእያንዳንዱ ላይ የሚያልፈው የምስል ቮልቴጅ ከ0 እስከ 0.7 ቮልት ብቻ ስለሆነ አንድ የተጣመመ ፒን ወይም ጫፉ ላይ የተጋገረ ትንሽ ቆሻሻ ሊያስቆመው ይችላል። ነጭ ማለት ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ሲበሩ ነው። ቀዩ ከጎደለ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻቸውን ይቀሩና እርስዎ ያዩትን ውሃ ሰማያዊ ይሰጣሉ። አረንጓዴው ከጎደለ ነጩ ወደ ሮዝና ሐምራዊ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ከጎደለ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። የዎርድ ቀይ መስመር መጥቆሩም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ከቀይ ላይ ቀይ ሲነሣ የሚቀረው ጨለማ ነው።

የትኛው ሽቦ እንደቀረ ለመለየት ከሰንደቅ ዓላማችን የተሻለ መፈተሻ ሥዕል ማግኘት ይቸግራል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መሐል ላይ ሰማያዊ ክብ፤ ሦስቱም መሠረታዊ ቀለማት አሉበት። ሥዕሉን ከፍተው ይመልከቱ። ቢጫው አረንጓዴ፣ ቀዩ ጥቁር ከሆነ ቀዩ ሽቦ ነው። አረንጓዴው ጠቁሮ ቢጫው ቀይ ከሆነ አረንጓዴው ሽቦ ነው። ሦስቱ ቀለማት እንዳሉ ሆነው ክቡ ብቻ ከጠቆረ ሰማያዊው ነው። ይህን ሥዕል ዴስክቶፑ ላይ ያስቀምጡት፤ ኬብል በነካኩ ቁጥር ያስፈልግዎታል።

ቀጥሎ የሞኒተሩን ሜኑ ቁልፍ ይጫኑ። ብርሃንና ቀለም የሚስተካከልበት ያ ሳጥን ከኮምፒውተሩ የሚመጣ አይደለም፤ ሞኒተሩ ራሱ የሚሥለው ነው፤ በኬብሉ በኩልም አያልፍም። ስለዚህ ገጹ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ በሜኑው ላይ ያሉት ነጭና ቀይ ትክክለኛ ከሆኑ ፓነሉ፣ የፓነሉ ሪባንና ባክላይቱ (ከኋላ የሚያበራው ብርሃን) ደህና ናቸው። ሜኑውም አብሮ ቀለሙን ከሳተ ችግሩ ሞኒተሩ ውስጥ ነው። ኬብሉን ነቅለው «ሲግናል የለም» የሚለውን ጽሑፍ ማየትም ያንኑ ያህል ይጠቅማል። ብዙ የዴል ሞኒተሮች ኬብል ሳይኖር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭን በተራ የሚያሳይ የውስጥ መፈተሻ አላቸው፤ የትኛው ቁልፍ ተይዞ እንደሚቆይ ግን እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

በእርስዎ ሁኔታ ሜኑው ትክክል ሆኖ እንደሚገኝ እንጠብቃለን። እንግዲያው ሁለቱንም አጥፍተው ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ይፍቱ። የኬብሉን ጫፍ ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ወደ እርስዎ ያዙሩት። 15 ቦታዎች በሦስት ረድፍ አሉ። የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው፤ 1 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ሰማያዊ። የመካከለኛው ረድፍ ከ6 ይጀምራል፤ 6፣ 7 እና 8 የሦስቱ ቀለማት መመለሻ ናቸው። ፒን 1 ወይም 6 ተጣሞ ከሆነ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው ቀስ ብለው ያቅኑት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካሉት ይሰበራል። ፒን 9 በብዙ ኬብሎች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ ስለማይኖር ያ ቀዳዳ ባዶ ቢሆን አይደንግጡ። 12 እና 15 ከተሰበሩ ደግሞ ቀለም አይነካም፤ ዊንዶውስ ግን ሞኒተሩን መለየት ያቅተውና የማይስማማ ሪዞሉሽን ይሰጣል።

መልቲሜትር ካለዎት ግምት አያስፈልግም። ኬብሉን ሞኒተሩ ላይ ብቻ ሰክተው፣ የሞኒተሩንም ስፒና ከሶኬት ነቅለው፣ በነጻው ጫፍ ላይ በ1 እና በ6፣ በ2 እና በ7፣ በ3 እና በ8 መካከል ይለኩ። በእያንዳንዱ ወደ 75 ኦም መነበብ አለበት። ሁለቱ 75 አካባቢ ሆነው አንዱ ምንም ካላነበበ የተቆረጠው እሱ ነው። ሜትሩን እያዩ የኬብሉን አንገት ያጣምዙ፤ ቁጥሩ ከዘለለ ኬብሉን ይቀይሩ። ቪጂኤ ኬብል ርካሽ ስለሆነ ቆርጦ ለመቀጠል መሞከር ዋጋ የለውም፤ የተቀጠለ ኬብል ጥላና መንሸራተት ያመጣል። አዲስ ኬብልም ተመሳሳይ ንባብ ከሰጠ ግን የሞኒተሩ ሶኬት ብየዳ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ሶኬቱን ከውስጥ በ60/40 ሊድ እንደገና መበየድ ለለመደ ጠጋኝ ቀላል ሥራ ነው።

ሞኒተሩም ኬብሉም ከተጣሩ የቀረው የኮምፒውተሩ ቪጂኤ መውጫ ነው። ሌላ ሞኒተር ሰክተው ያው ውሃ ሰማያዊ ከታየ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ጥገናው እንዲቆይ ሁለቱን የጎን ብሎኖች በጣት እስኪጠብቁ ድረስ ያስሯቸው። በአብዛኛው የምናየው ብልሽት ያልታሰረ ኬብል በራሱ ክብደት ሲንጠለጠል፣ ወይም ጠረጴዛው ግድግዳው ላይ ተገፍቶ አንገቱ ሲታጠፍ የሚመጣ ነው። ግንባታ ባለበት ሰፈር አቧራውም አይናቅም። ሶኬቱን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠርገው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ወይም በኮንታክት ክሊነር ያጽዱት፤ ሲደርቅ ይሰኩት። በመጨረሻ ነጭና ጥቁር ያለበት ገጽ ከፍተው ከሜኑው «አውቶ አድጀስት» የሚለውን፣ ካለም «አውቶ ከለር»ን ያስኪዱ።

ከሰበታ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የወንድሜ ላፕቶፕ ትናንት ማታ ሳጠና በድንገት ጥቁርና ነጭ ሆነ። ምንም አልጫንኩበትም። ስክሪኑ ተቃጠለ ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ አትፍሪ፤ ምንም አልተቃጠለም። ስክሪን ሲበላሽ ሦስቱንም ቀለማት እኩል አጥፍቶ ንጹሕ ግራጫ አይተውም። ኮፒ ለማድረግ ኮንትሮልና ሲ ስትጫኚ ጣትሽ የዊንዶውስ ቁልፉን አብሮ ነክቶታል። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ሲጫኑ ከለር ፊልተር የሚባለውን ያበራሉ፤ ሦስቱን ደግመሽ ተጫኚ፣ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሴቲንግ ገብተሽ በዊንዶውስ 10 «ኢዝ ኦፍ አክሰስ»፣ በዊንዶውስ 11 «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ከለር ፊልተርስ»ን አጥፊ። እዚያው ሥር በቁልፍ እንዲበራ የሚፈቅደው ምርጫ አለ፤ እሱንም አጥፊው፤ ካለዚያ ነገም ይደገማል።

ከለገጣፎ

ጥያቄ፦ የሠርግና የክርስትና ፎቶ አነሣለሁ፣ አርሜም አሳትማለሁ። ነጠላው በሞኒተሬ ላይ ቢጫ ይመስለኛል፤ አስተካክዬ ስልክ ላይ ሲታይ ወይም ሲታተም ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ የሰዎቹም ፊት ይጠቁራል። የስክሪኑን ሾት ወደ ስልኬ ስልከው ቢጫነቱ የለም። ስለዚህ የተበላሸው ሞኒተሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። አሥር ዓመት ያገለገለ ነው።

መልስ፦ መደምደሚያው ትንሽ ቸኩሏል። ስክሪን ሾት የሚቀዳው ዊንዶውስ የሠራውን ሥዕል ነው፤ ናይት ላይትና ከለር ፊልተር ግን ሥዕሉ ወደ ሞኒተር ሲወጣ የሚጨመሩ ስለሆኑ ሾቱ ላይ አይታዩም። ስለዚህ ሾቱ ስልክ ላይ ንጹሕ መሆኑ ፎቶው ደህና መሆኑን እንጂ ኮምፒውተሩ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚህ የሚሻለው ምርመራ ይኸውና። ኮምፒውተሩን አስነሥተው ባዮስ የሚባለው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፤ እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት (Del) ቁልፍ ነው። እዚያ ዊንዶውስም ድራይቨርም ገና አልተነሡም። ነጩና ግራጫው ባዮስ ውስጥ ንጹሕ ሆነው ዊንዶውስ ሲነሣ ቢጫ ከሆኑ ጥፋቱ የሴቲንግ ነው። ባዮስም ቢጫ ከሆነ ወደ ሞኒተሩ እንሄዳለን።

በሴቲንግ በኩል ሦስት ቦታ ይዩ። የመጀመሪያው ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ያለው ናይት ላይት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ እንዲበራ ተደርጎ ከሆነ ቀን ትክክል፣ ማታ ቢጫ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺ ደግሞ ማታ ነው የሚያርመው። ሁለተኛው የሞኒተሩ ሜኑ ነው፤ «ሎው ብሉ ላይት»፣ «ሪዲንግ» ወይም «ዋርም» የሚባል ነገር ካለ አጥፍተው «ኤስአርጂቢ» ወይም «6500» የሚለውን ይምረጡ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው የከለር ፕሮፋይል ነው። ቢጫነቱ በፎቶ ማያው ላይ ብቻ ከታየና በብራውዘር ከሌለ ጥፋተኛው በአብዛኛው እሱ ነው፤ ከሞኒተሩ ድራይቨር ጋር የመጣ የተበላሸ ፕሮፋይል ፎቶ ማያው ነጩን ሁሉ ቢጫ አድርጎ እንዲያሳይ ያደርጋል። ስታርት ላይ «ከለር ማኔጅመንት» ብለው ይክፈቱ፣ ዲቫይስስ የሚለው ገጽ ላይ ሞኒተርዎን ይምረጡ፣ «ዩዝ ማይ ሴቲንግስ ፎር ዚስ ዲቫይስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፣ «አድ» ብለው ኤስአርጂቢ አይኢሲ61966-2.1ን ያስገቡና «ሴት አዝ ዲፎልት ፕሮፋይል» ይበሉ። ፎቶ ማያውን ዘግተው ሲከፍቱ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነጩ አሁንም ካዘነበለ ሞኒተሩን በእጅ እናቅናው። አስቀድሞ ለ30 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ፤ በተለይ የድሮ መብራት ያላቸው ሞኒተሮች ሲበሩና ከሞቁ በኋላ ነጫቸው አንድ አይደለም። ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ፣ ንጹሕ የኤ4 ወረቀት ከጎኑ ያቁሙ። ክፍሉን የሚያበራው አምፖል 6500 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ ይሁን፤ 2700 ወይም 3000 የሚል ቢጫ አምፖል ሥር ዓይንዎ ቢጫውን ይለምደውና ትክክለኛውን ነጭ ሰማያዊ ነው ብሎ ያታልልዎታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ሲገባም ቀለም አይፈረድም። ከዚያ ሜኑው ውስጥ «ከስተም» ወይም «ዩዘር» ከለር ገብተው ሦስቱንም 100 ላይ ያድርጉ። ቢጫ ሲበዛ ሰማያዊ አይጨመርም፤ ከላይ ቦታ የለም። ቀይና አረንጓዴ በ2 በ2 ይቀነሳሉ፤ ወረቀቱንና ገጹን እያመሳከሩ።

የፊት መጥቆር ግን የቀለም ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። አዲስ ሞኒተር ከሳጥኑ ሲወጣ ብርሃኑ ለሱቅ መደርደሪያ ነው የተስተካከለው። በዚያ ድምቀት ላይ ፎቶ ካረሙ ሳያውቁት ያጠቁሩታል፤ ወረቀት ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃኑን ነጩ ገጽ ከወረቀቱ ጋር እስኪመጣጠን ዝቅ ያድርጉ። መለኪያ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ለኅትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር፣ ጋማውን 2.2 ላይ ያስቀምጣሉ፤ በወረቀት የሚደረገው ማመጣጠን ወደዚያው ያቀርባል።

አንድ ነገር ግን አይስተካከልም። ሞኒተርዎ ቲኤን ፓነል ከሆነ ከላይና ከታች ሲታይ ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ያው ነጠላ ከላይኛው ጠርዝ ሲጠቁር ከታች ይነጣል። ብዙዎቹ በየቀለሙ 6 ቢት፣ ማለትም 64 ደረጃ ብቻ ስላላቸው የሠርግ ፎቶ ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ ሊታይ ይችላል። በክፍያ ፎቶ የሚያርም ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ወደ አይፒኤስ (ከየአቅጣጫው ሲታይ ቀለሙ ብዙ የማይለዋወጥ ፓነል) ቢሻገር እንመክራለን፤ ከምንም የካሜራ ዕቃ በፊት።

ከቡራዩ

ጥያቄ፦ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ እንደ ሞኒተር እጠቀማለሁ። ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ ቀይ ጽሑፍ ጠርዙ ይደበዝዛል። ባለፈው ሴቲንግ ስነካካ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ምንጭ አላቸው፤ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ በቋንቋ አልተግባቡም። ኬብሉ አልተበላሸም፤ የኤችዲኤምአይ ኬብል ሲታመም የብልጭታ ነጠብጣብ ይረጫል ወይም ምስሉ ሄድ መለስ ይላል እንጂ ጥቁሩን አመድ አያስመስለውም።

ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይቆጥራል። የቴሌቪዥን ዓለም ግን ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ይለዋል። አንዱ በ16 ሲልክ ሌላው በ0 ከጠበቀ ጥቁሩ አመድ ይሆናል፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥላ ብቻ ይሆናል። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል «ቼንጅ ሪዞሉሽን» ውስጥ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ»ን «ፉል» ያድርጉ። በኢንቴል ስሙ «ኳንታይዜሽን ሬንጅ» ነው፤ በኤኤምዲ «ፒክስል ፎርማት» ውስጥ «አርጂቢ 4:4:4 ፉል» የሚለው ነው። ቴሌቪዥኑ ላይም «ብላክ ሌቭል» ወይም «ኤችዲኤምአይ ሬንጅ» የሚል ካለ ከዚሁ ጋር ይስማማ።

የቀይ ጽሑፍ መደብዘዝ ቴሌቪዥኑ የቀለምን ዝርዝር ከብርሃን ዝርዝር አሳንሶ ስለሚይዝ ነው፤ ለፊልም አይታወቅም፣ ለጽሑፍ ግን ይጎዳል። በሳምሰንግና በኤልጂ ቴሌቪዥኖች የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም ወይም ምልክት ወደ «ፒሲ» ሲቀይሩ ጽሑፉ ይጠራል። ስሙ ጌጥ ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው። ሮዝና አረንጓዴው የመጣው አንደኛው ወገን አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ሲልክ ሌላው ዋይፒቢፒአር (ብርሃንንና ቀለምን ለይቶ የሚልክ ሌላ ዘዴ) ብሎ ስላነበበው ነው። ሞኒተር ላይ ከሆነ «ኢንፑት ከለር ፎርማት»ን ወደ አርጂቢ መመለስ ይበቃል።

ከቱሉ ዲምቱ

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞኒተሬ አበደ። ሲበራ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀላ ያለ ሮዝ ሆኖ ይታይና ይጨልማል። የሚበራው ምልክት ግን አረንጓዴ ነው። ራሴ ልከፍተው እችላለሁ?

መልስ፦ ከመክፈትዎ በፊት ክፍሉን አጨልመው የስልክ ባትሪ ብርሃን አግድም ወደ ስክሪኑ ያብሩ። ደብዘዝ ያለ ዴስክቶፕ ከታየዎት ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው ብርሃን ነው።

ሮዝ የሚለው ቃልዎ ብዙ ይነግረናል። በግምት እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት የተሠሩ ሞኒተሮች ከኋላቸው ኤልኢዲ ሳይሆን እንደ እርሳስ የቀጠኑ ሲሲኤፍኤል የሚባሉ ቱቦዎች አሏቸው። ቱቦው ሲያረጅ ነጩ ወደ ሮዝ ይወርዳል፤ የሚስበው ኃይል ሲዛባ መከላከያው በሁለት ሰከንድ ገደማ ይዘጋዋል። የመብራቱ መምጣትና መሄድ ድሮ የደከመውን ቱቦ ጨረሰው እንጂ አዲስ በሽታ አላመጣም። ቀለሙ ትክክል ሆኖ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ኖሮ፣ ወይም ለመብራት ደቂቃዎች ቢፈጅ፣ የፓወር ቦርዱን ካፓሲተሮች እንጠረጥር ነበር። ያም ቢሆን ቦርዱን ማየት አይከፋም፤ አናታቸው የተነፋ ካለ ይቀየራሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት 470 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት እና 1000 ማይክሮፋራድ 16 ወይም 25 ቮልት ናቸው። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ፣ ዓይነቱ ሎው ኢኤስአር ይሁን። መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ቁመቱ ከበለጠ ክዳኑ አይገጥምም። ነጩ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ብየዳ የማያውቁ ከሆነ አይክፈቱት፤ ይህን የምንለው ከልባችን ነው። የእኛ 220 ቮልት ቦርዱ ላይ ሲደርስ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ወደ 310 ቮልት ሆኖ ይከማቻል፤ ስፒናው ተነቅሎም ለጊዜው አይወጣም። የሚከፍት ሰው ስፒናውን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያም በትልቁ ካፓሲተር ሁለት እግሮች ላይ በመልቲሜትር ለክቶ ከ10 ቮልት በታች መሆኑን ሳያይ ጣቱን አያስገባ። ሞኒተሩ እየሠራ ሳለ ቱቦዎቹ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚበሩት። ቱቦው ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ መስበርም ከቆሻሻ ጋር መጣልም አይገባም።

ቱቦ መቀየር ይቻላል፤ ፓነሉን እስከ መጨረሻው ሽፋን መፍታት ስለሚጠይቅ ግን አቧራ ይገባል፣ ሪባንም ይቆረጣል። በዚህ ዕድሜ ላለ ሞኒተር ስላይትሊ ዩዝድ ኤልኢዲ መግዛት ይሻላል ባይ ነን። መብራት በጠፋ ቁጥር የአዲሱን ሞኒተር ስፒና ይንቀሉ፤ መብራቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ከጸና በኋላ ይሰኩት። ስታብላይዘር ካለዎት መልሶ ከማብራቱ በፊት የሚቆይ ዓይነት ይሁን።

ከየካ አባዶ

ጥያቄ፦ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ። ኬብልም ድራይቨርም ቀየርኩ፣ አልጠፋም።

መልስ፦ መስመሩ የሞኒተሩን ሜኑ አቋርጦ ካለፈ የፓነሉ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የአንዱ ረድፍ ማገናኛ ለቅቋል። ጠርዙን በቀስታ ሲጫኑት ሊጠፋ ይችላል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ፋብሪካው በሙቀትና በግፊት ያጣበቀውን በእጅ መልሶ ማጣበቅ አስተማማኝ አይደለም፤ «እሠራዋለሁ» ለሚል ሰው አይክፈሉ። መስመሩ አንድ ሳይሆን ብዙ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ወደ ፓነሉ የሚሄደው የውስጥ ሪባን ስለላላ ሊሆን ይችላልና ነቅሎ አጽድቶ መሰካቱ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ከቦሌ አራብሳ

ጥያቄ፦ መገናኛ ሄጄ ስላይትሊ ዩዝድ ሞኒተር ልገዛ ነው። ሻጩ አምስት ደቂቃ አብርቶ ያሳየኛል። በዚያች ጊዜ ስለ ቀለሙ ምን ልይ?

መልስ፦ አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ 20 ደቂቃ ይለምኑ፣ ሌላ ዕቃ እያዩ ይቆዩ። ላፕቶፕዎን ወይም ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ቤትዎ ሆነው በፔይንት ስድስት ሥዕል ይሥሩ፦ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር እና መካከለኛ ግራጫ። ሰንደቅ ዓላማውንም ይጨምሩበት።

በሦስቱ ቀለማት ላይ የማይበራ ወይም በሌላ ቀለም የቆመ ነጥብ ይፈልጉ። ነጩ ላይ ግራና ቀኙን ያወዳድሩ፤ አንደኛው ጎን ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ካደላ ባክላይቱ ደክሟል። ኤልኢዲ ሆኖ አንድ ጥግ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከመሰለ በዚያ ቦታ ያሉት አምፖሎች በሙቀት ተጎድተዋል፤ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊ ብርሃን ላይ ቢጫ ፎስፈር ተቀብቶ የሚሠራ ነውና ቅቡ ሲበላሽ ሰማያዊው ብቻውን ይወጣል፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለው አይሄድም። ግራጫው ላይ የቆየ ምስል ጥላ ይፈልጉ፤ የባንክና የሱቅ ሞኒተሮች አንድ ገጽ ለዓመታት ሲያሳዩ የኖሩ ናቸው። ጥቁሩን የሱቁን መብራት በእጅዎ ጋርደው ይዩ።

ከዚያ ሜኑውን ይክፈቱና ብርሃኑ ስንት ላይ እንደቆመ ይመልከቱ። 100 ላይ ተደርጎ እንኳ የደበዘዘ ከመሰለ ቤትዎ በቀን ብርሃን ምንም አያዩበትም። ከለር ሴቲንጉ ውስጥ ቀይ 100፣ አረንጓዴ 82፣ ሰማያዊ 60 ዓይነት የተዘበራረቀ ቁጥር ካገኙ አንድ ሰው የደከመ ነጭ ለመሸፈን ነካክቶታል ማለት ነው፤ «ፋክተሪ ሪሴት» ብለው እንደገና ነጩን ይዩ። በመጨረሻ ቪጂኤውንም ኤችዲኤምአዩንም በየተራ ሰክተው ሁለቱም ቀለማቸው ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከኋላው የተለጠፈውን የምርት ዓመትም ያንብቡ።